ከጣሪያችን በላይ ብረት ለሚያስነሱት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የጂሙ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጉልበትዎ እንዲጠና፣ ወገብዎ እንዲበረታ፣ በተለይም ጆሮዎ እንዲከፈትልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጂምዎ በታች ባለው ፎቅ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የምኖር አሮጊት ነኝ። ደረጃ ላይ በተገናኘን ቁጥር «እማማ፣ እርስዎም ብቅ ይበሉ እንጂ» እያሉ ስለሚጋብዙኝ ሳያውቁኝ አይቀሩም። ግብዣዎን ያልተቀበልኩት በንቀት አይደለም፤ ስፖርቱ ራሱ በየማለዳው ቤቴ ድረስ ስለሚመጣ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ ከሥርዎ የምኖረው እኔ ምስጋናዬን በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. ስለ ሙዚቃው አመሰግናለሁ። ኩባያዎቼ ዘፈኑን ተከትለው በመደርደሪያው ላይ መራመድ ከጀመሩ ወዲህ አንዱ ራሱን ከመደርደሪያው ጥሏል። ሁሉም «ኮች» እያሉ የሚጠሩት አሠልጣኝዎም በማይክ «ሰነፍ ሁላ፣ አንድ ድገም» እያለ ሲጮህ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማናል። ከፍሎ የሚሰደብና ለስድቡ የሚያጨበጭብ ጉባኤ በዕድሜዬ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

፪ኛ. ስለ ብረቱም አመሰግናለሁ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሁሉም በአንድነት ብረታቸውን ወለሉ ላይ ይለቁታል፤ የጣሪያችን ኖራም ወጥ ውስጥ ይገባል። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ወንበሯን አንኳኩታ ያስቀመጠች ልጅ እንደገና አንሥታ ቀስ ብላ እንድታስቀምጥ ትደረግ ነበር። ማንሣትማ ማንም ያነሣል፤ ጉልበት የሚታየው ሲያስቀምጡ ነው።

፫ኛ. ስለ ጨርቁ። የዚያ ሁሉ ሰው ላብ የሚጠረግበት፣ ውሃ አይቶ የማያውቅ አንድ ጨርቅ እንዳለዎት አውቃለሁ፤ የሚሰጣው እኔ በምደገፍበት የደረጃ መደገፊያ ላይ ነውና። ባለፈው ሳምንት ሳላይ ጨበጥኩት። ለብ ያለ ነበር። እጄን ስንት ጊዜ በሳሙና እንደታጠብኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ እስከ ዛሬ ግን ያ እጅ ወደ አፌ ሲቀርብ ፊቴን አዞራለሁ።

፬ኛ. ስለ ስፖንጁ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አቤት ስል እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው አደመጡኝ፤ በማግስቱም ሠራተኛ ጠርተው ድምፅ የሚያፍን ወፍራም ስፖንጅ አስለጠፉ። እኔና ወንድሜ ጸጥታውን ስንጠብቅ ሰነበትን። በመጨረሻ ወጥቼ ሳይ፣ ስፖንጁ የተለጠፈው በጂሙ ጣሪያ ላይ ነው። ወለሉ እንደ ጥንቱ ባዶ ነው። ከእርስዎ በላይ የሚኖሩት የሕንጻው ባለቤት መሆናቸውን ጎረቤት ነገረኝ፤ እኔ ግን ድምፅ እንደ ጭስ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል ብለው በቅንነት አስበው ነው ማለትን መርጫለሁ።

፭ኛ. ስለ ወንድሜ። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ተሳፋሪን እስከ መጨረሻው ፌርማታ የሚያስቅ ተጫዋች። ስትሮክ ቀኝ ጎኑንና አንደበቱን ወሰደበት። ሐኪሙ፣ ቃል የሚመለሰው በማለዳ፣ ሳይደክም፣ ጸጥ ባለ ክፍል ሲለማመድ ነው ብለውናል። በየማለዳው ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ የምንፈልገው ከልጅነቱ ጀምሮ እኔን ሲጠራበት የኖረውን «እትዬ»ን ነው። «እ» ይላል፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ ቃሉ ሊመጣ ሲል ብረትዎ ይወድቃል። ደንግጦ በደኅና እጁ ወንበሩን ይጨብጣል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ዝም ነው።

ጂምዎን ይዝጉ አላልኩም። የማለዳውን ልምምድ ወደ ከሰዓት በኋላ ያዛውሩልን፤ ስፖንጁንም ከባለቤቱ እግር ሥር ነቅለው ከእናንተ እግር ሥር ያንጥፉልን። ጨርቁን ግን ያቃጥሉት።

ረጅም ዕድሜና ቀላል ብረት እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከጥቂት የኖራ ፍርፋሪ ጋር፣

ከጫማዎ ሥር የምኖር ጎረቤትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለካ ሳላበስርዎ ላልፍ ነበር። ትናንት ወንድሜ ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ሾርባውን እያጎረስኩት ትንሽ ብዘገይ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ «ሰነፍ ሁላ፣ አንድ ድገም» አለኝ። ሐኪሙ እጅግ ተደሰቱ፤ እኔም ደገምኩለት። ለአሠልጣኝዎ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፤ የእሱን ድርሻ በሚገባ አስተምሯል። «እትዬ»ን ግን ከጂም ሊማረው አይችልምና፣ እሱን እኔው እንዳስተምረው ማለዳችንን ይመልሱልን።