ከል የለበሰው ክፍል

ውድ ዘርይሁን፣

ካረፍክ ወዲህ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ትናንት በልጃችን ቤት የሆነውን ካንተ ሌላ ለማን ልንገር?

ዲናና ባሏ ዐቢይ እዚሁ ለንደን፣ ኤድመንተን የሚባል ሰፈር ቤት ገዝተዋል። አብሬያቸው እንድኖር ጓሯቸው ውስጥ ክፍል ይሠሩልኝ ነበር፤ እስኪያልቅ ግን አታዪም ብለውኛል። ትናንት ነይ አሉኝና ከብሪክስተን በአውቶቡስ ሄድኩ። የጓሮውን በር ስከፍት ክፍሉ ከላይ እስከ ታች ከስሏል። ግድግዳው እንደ አዞ ቆዳ ተሰነጣጥቋል።

«ውይ ልጆቼን! እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈ!» ብዬ ጮህኩ።

ዐቢይ ሮጦ መጣ። «ምን ሆኑ እማማ?»

«ቤቱ ነደደ እኮ!»

«እኔ ነኝ ያነደድኩት» አለኝ እየሳቀ። «ቀስ ብለው እንጂ፤ ኢንሹራንሶቹ ይሰሙናል።»

የጃፓኖች የጥንት አሠራር ነው አሉኝ። ጣውላውን ፊቱን በእሳት ይለበልቡታል፣ ጥላሸቱን ይቦርሹታል፣ ዘይት ይቀቡታል። ከዚያ ወዲያ ዝናብም ሆነ ነፍሳት ቶሎ አይደፍሩትም። ነገሩስ ለእኔም እንግዳ አይደለም። አባቴ አጥር ሲያጥር ምስጥ እንዳይበላው የእንጨቱን ጫፍ እሳት ያስመታው ነበር። የከሰለው ጫፍ ግን አፈር ውስጥ ይቀበራል። ሰው ፊት ለፊት ሲያቆመው አይቼ አላውቅም።

አፌ አመለጠኝ። «ክፍሉን ከል አለበሳችሁት! ማን ሞቶባችሁ ነው?»

ይህን አፍ አንተ ታውቀዋለህ። ከ97ቱ ምርጫ በኋላ «አገሬ ገብቼ ቤት ልሥራ» ስትለኝ «ሂድና ሬሳህ ይምጣልኝ» አልኩህ። ፈርቼ ነበር። አንተም ቀረህ። በዓመቱ እዚሁ ለንደን ልብህ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ዝምተኛ ናት ይለኛል። ዝምታ አይደለም፤ አፌን አስሬው ነው። ማንበብን ብቻዬን ታግዬ የተማርኩትም ለዚሁ ነው፤ መጽሐፍ መልስ ስጪኝ አይልም። አሁን ደግሞ ልጃችን ሆዷ ገፍቶ ፊቴ ቆማ፣ በገዛ ቤቷ ላይ አሟረትኩ።

ዲና ግን አልተቆጣችም። «ከል ምንድን ነው?» አለች።

«የሐዘን ልብስ ነዋ። ሰው ሲሞት የሚለበስ ጥቁር።»

ቀሚሴን አየች። ሻርፔን አየች። ካልሲዬን ሳይቀር አየች።

«ዌይት... ይሄ ሁሉ ለአባዬ ነው?»

«ታዲያ ለማን ሊሆን ነው?»

«እማ! ጥቁር የምትወጂ መስሎኝ ነበር እኮ! የምትወጂውን ከለር ላድርግላት ብዬ ነው! ዐቢይ እንጨቱን እንዳለ እንተወው ሲል ተጣልቼዋለሁ!»

ዘርይሁን፣ ከተቃጠለው ግድግዳ ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ። ልጄ ሐዘኔን እያየች አድጋ ሐዘን መሆኑን አላወቀችም። ማን ነግሯት? ክፉ ቃል እንዳይወጣኝ ስፈራ ደጉንም ነፍጌያት ኖሬያለሁ።

«መቼ ነው የሚወልቀው?» አለች።

«በዓመቱ ዘመድ ተሰብስቦ ያስወልቃል።»

«አንቺን ለምን አላስወለቁሽም?»

«መጥተው ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ቃሌ የገደለህ መስሎኝ እንደሆነ ነገርኳት። ያንን ቃሌንም እንዳለ ነገርኳት። እጄን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እማ፣ ሐኪም ጋ ሂድ እያልሽ ስትለምኚው ክፍሌ ሆኜ እሰማ ነበር። ማታ ማታ። ያንንስ ለምን አታስቢውም?»

ረስቼው ነበር። እውነቴን ነው፣ ጨርሶ ረስቼው ነበር።

«ደግሞ» አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ «ዘመድ ነው የሚያስወልቀው አልሽ። እኔ ዘመድ አይደለሁም?»

ዐቢይ ራሱን እያከከ «ግድግዳውንስ ልፋቀው እማማ?» አለኝ።

«እንዳትነካው!» አልኩት።

ቅዳሜ ከዲና ጋር ልብስ ልንገዛ ነው። ምን ቀለም እንደምወድ ብትጠይቀኝ የምመልሰው የለኝም፤ እዚያው ሱቁ ውስጥ እያየሁ አስባለሁ። ካሁን በኋላ ከልህን ግድግዳው ይልበስልህ። እሱ ውጭ ቆሞ ዝናብ ይምታው፤ እኔ ውስጥ እገባለሁ።

ሚስትህ
ፍቅርተማርያም