ቅዳሜ የሚተከሉት ችግኞች

ወንድም ዓለሜ፣

ዛሬ ጠዋት ለጉብኝት የመጣንበት ከተማ ዋና አትክልተኛ፣ አንዲት አዛውንት፣ ትልቁን ጎዳና በእግር አስጎበኙኝ። የየዛፉን ቅርፊት በጥፍራቸው ጫር ያደርጋሉ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ዛፉ በሕይወት አለ። አርባ ዛፍ ጫሩ፤ ሠላሳ አንዱ ደርቋል። የደረቁት ሁሉ እኛ ለቅዳሜው ተከላ የመረጥነው ዓይነት ናቸው።

«ምን ነካቸው?» አልኳቸው።

«ከንቲባችን ጥላቸውን ወደዱት፤ እኛም እሺ አልን። ፀሐይን ግን ያማከራት የለም» ብለው ሳቁ፤ እኔም ከንቲባ መሆኔን ዘንግተው። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

አንተ በተከላው ስብሰባ ላይ «ሙቀቱ የልጅነታችን አይደለም፤ ድርቅ የሚችሉትን ቀላቅለን እንትከል» ስትል፣ «ሳይጠሩህ አቤት አትበል» ብዬ ያሳቅሁብህ እኔ ነኝ። ስመለስ በዚያው ጉባኤ ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

መደወል እችል ነበር፤ ነገር ግን በፊርማዬ የታዘዘው ተከላ በፊርማዬ መታገድ ስላለበት፣ ይህን ፖስታ ካርድ ፈርሜ ዛሬ ወደ እናንተ ለሚመለሱት የከተማችን የውሃ ኃላፊ እሰጣቸዋለሁ። የተከላ ኮሚቴው ቢቆጣ ይህን አሳያቸው።

ወረቀቱ አለቀብኝ፤ ለባለቤትህና ለልጆች የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ። መኪኖቹ ችግኙን ሊጭኑ ዓርብ ይመጣሉ፤ የችግኝ ጣቢያህን በር እንዳትከፍትላቸው።