የጋሽ ሎምባሞ ባሕር

ዲሴምበር 3፣ ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ

በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጀፕ ገበያ፣ ሁለተኛ ፎቅ ሱቃችን ውስጥ፣ መጋረጃ በማጣጠፍ ላይ ሳለን፣ እውነት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። ገዳይዋ እኔ ነኝ። በኮሮናው ምክንያት ለቅሶ በስልክ ብቻ ነው።

አትደንግጪ ቀዮ ደብተሬ። ልብስሽ ቀይ፣ ስምሽ ቀዮ፣ ሥራሽ ዝም ማለት።

ገበያ የለም። ሰው ማስኩን አድርጎ ይመጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይሄዳል። እኔና ጋሽ ሎምባሞ ያጠፍነውን ዘርግተን እንደገና እናጥፋለን። (ከአሁን በኋላ ጋ/ሎ። ስሙ እጄን ያደክማል።) ጋ/ሎ የእናቴ ወንድም፣ የሱቁ ባለቤት። ጁላይ ላይ ያ በሽታ ሦስት ሳምንት አስተኝቶት ተነሣ፤ ሳቁ ግን አብሮት አልተነሣም። ድሮ አንድ ቀልድ ከነገርኩት ግድግዳ ይደበድብ ነበር። አሁን በመስኮት ያያል። መስኮቱ የሚያሳየው ሌላ መስኮት ነው።

እና ላስቀው አልኩ። አልሸጥ ያለን የሻወር መጋረጃ አለ፤ ነጭ አሸዋ፣ የተጋደመ ዘንባባ፣ ልክ የሌለው ሰማያዊ ውሃ። ሰቀልኩት። በስልኬ አነሣሁት። የፎቶውን ዳር ዳር ቆረጥኩት። አንዲት የመስቀያ ቀዳዳ ጥግ ላይ ቀረች። ተውኳት።

አሳየሁት። የተደበቀ ባሕር ነው፣ እዚሁ ደቡብ አፍሪካ፣ ማንም አያውቀውም፣ ሦስት ሰዓት መንገድ፣ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ። ሰው የለበትም ወይ አለ። ዝንብ የለበትም አልኩት። ፖሊስስ? (ፔፐሩ፣ የስደተኛ ወረቀቱ፣ አልታደሰም፤ የሚያድሰው ቢሮ ከተዘጋ ወራት ሆነው።) ፖሊስ ዋና አይችልም አልኩት። ጥጉ ላይ ያለችው ምንድን ናት አለ። ጨረቃ ናት።

አልሳቀም ቀዮ። ስልኬን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ከዚያ፣ “መቼ ነው የምንሄደው?”

ጉድ ፈላ።

ዲሴምበር 5፣ ቅዳሜ

ዛሬ ልናዘዝ ብዬ ነበር። ሻይ አፈላሁ። ጋ/ሎ ቀደመኝ።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ወደዚህ አገር ሲመጣ፣ ታንዛኒያ ላይ፣ የጭነት መኪና፣ ሸራ ሥር አሥራ ሰባት ሰው። መኪናው ቀኑን ሙሉ በባሕር ዳር ይሄዳል። ይሰማዋል። ይሸተዋል። ሸራው ሁለት ቀዳዳ አለው፣ በግራና በቀኝ። ለሱ የደረሰው የቀኙ ነው፤ የቀኙ የሚያሳየው ሙዝ ብቻ። በግራ ያሉት ተራ በተራ ዓይናቸውን እየለጠፉ “ኧረ በጌታ!” ይላሉ። እሱ መላወስ አይችልም፤ እግሩ ላይ ሦስት ሰው ተኝቷል። ሰምቶት መጣ እንጂ አላየውም።

እኔስ ብሆን፤ ያየሁት ትልቁ ውሃ ሐዋሳ ነው። እሱንም ዓሣ ስበላ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ። ልጁ ረድኤት ሆሳዕና ናት፤ ሲለያት የሁለት ዓመት ነበረች፣ አሁን አሥራ ስድስት። ገና ሕፃን ሳለች በስልክ ባሕር ምን ይመስላል አለችው። አላየሁም ማለት አፈረ። በየገናው እሄዳለሁ አላት። ስመጣ ዛጎል ይዤልሽ እመጣለሁ አላት። በፌብሩዋሪ መጨረሻ አገሩ ይገባል። ቲኬቱ ተቆርጧል። ዛጎሉ የለም።

ሻዩ ቀዘቀዘ። ደፋሁት፤ ኑዛዜዬንም አብሬ።

ዲሴምበር 8፣ ማክሰኞ፣ ማታ

ከኮሮናው ወዲህ የጸሎት ኅብረታችን በስልክ ነው። አርባ ሰው አንድ መስመር ላይ ይገባል። አንዱ ሲጸልይ የሌላው ሕፃን ያለቅሳል፣ ሎኬሽን፣ ከከተማ ወጣ ባለው የድሃ ሰፈር፣ ሱቅ ያለውን ወንድም ደንበኛ ዳቦና ወተት ይጠይቀዋል። እህት አድነች፣ መሪያችን፣ ማይክ ዝጉ! እያሉ ይቆጣሉ። የሳቸው ድምፅ ስልክ አያስፈልገውም።

የጸሎት ርዕስ ያለው ተባለ። ፔፐር። የታመመ። የተዘረፈ ሱቅ። ከዚያ ጋ/ሎ ከሳሎን ጉሮሮውን ሲጠርግ በሁለት ጆሮዬ ሰማሁት፣ በስልኩም በግድግዳውም። “ባሕር ለማየት መንገድ አስቤአለሁ። ጸልዩልኝ።”

ቀዮ፣ አርባ ሰው ጸለየ። በአማርኛ፣ በሃዲይኛ፣ በከምባትኛ። ለሻወር መጋረጃ።

አላበቃም። እህት አድነች ነጭ አሸዋ ይታየኛል አሉ። አሜን! ዘንባባም ይታየኛል አሉ። አሜን! ቆሟል ወይስ ተጋድሟል ብዬ ልጠይቅ ምላሴን በላኝ፤ ያዝኩት። ቀዳዳዋንም ካዩ አለቀልኝ።

ውሸቴ ከእጄ ወጣ። የማኅበር ሆነ።

ዲሴምበር 12፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ዝናብ፣ በረዶ፣ መብረቅ። መብራት የለም። ጋ/ሎ በመስኮቱ ብርሃን፣ ገና ዕለት ወደ ባሕሩ ስንሄድ የሚይዘውን ይጽፋል። ዕንቁላል ቅቅል። ዳቦ። ሁለት ፎጣ። ለዛጎል ፕላስቲክ። ሙሉ ልብስ።

ሙሉ ልብስ?! ሳቄ መጣ። ባሕር ሠርግ አይደለም ጋሼ፣ ሰው በቁምጣ ነው የሚሄደው አልኩት። ቀና አላለም። “አሥራ አራት ዓመት ያስጠበቀኝን በቁምጣ አላገኘውም።”

ሳቄን ዋጥኩት።

ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይ በሰማያዊዎቹ መጋረጃዎች ውስጥ ገባች። ሱቁ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ። ወለሉ፣ ጣራው፣ የጋ/ሎ እጅ፣ ያልተሸጠው ብርድ ልብስ ሁሉ። አየር ስትነካቸው መጋረጃዎቹ ቀስ ብለው ወደኛ ይመጣሉ፣ ቀስ ብለው ይመለሳሉ። ይመጣሉ፣ ይመለሳሉ። ጀፕ ውስጥ ያለው የታክሲ ጥሩምባ ሁሉ ከሩቅ፣ ከውሃ በታች የሚመጣ መሰለኝ። ጫማዬን አወለቅሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዞር ስል ጋ/ሎም አውልቋል።

አንድ ደንበኛ ገባ፣ አየን፣ ወጣ።

አሁን እኔም መሄድ እፈልጋለሁ ቀዮ። ወደ ራሴ ውሸት። ምን ዓይነት በሽታ ነው?

ዲሴምበር 19፣ ቅዳሜ

እውነተኛ ባሕር ፍለጋ ላይ ነኝ። ለውሸቴ አካል ልገዛለት።

ማማ ኖምሳ መጣች። መጋረጃ በጅምላ ወስዳ አገር ቤቷ የምትሸጥ ደንበኛችን። ጋ/ሎ ዕቃ ሊያወርድ ሲወጣ ፎቶውን አሳየኋት፤ እንዲህ ያለ ቦታ ታውቂያለሽ ማማ? አየችው። አስጠጋችው። “ሀይቦ (ኧረ ጉድ)! ይሄ እኮ የኔ ሻወር ነው!”

ለካ በሦስት ዓመት ሁለት ብቻ ነው የሸጥነው፤ አንዷ ገዢ እሷ። ማስኳ እስኪወርድ ሳቀች። ሁሉንም ነገርኳት። ሳቁ ቆመ። ሽማግሌ ላይ እንዲህ ይቀለዳል ወይ ብላ በጥቅል መጋረጃ ትከሻዬን መታችኝ። ይገባኛል።

ከዚያ የመጋረጃው ክምር ላይ ተቀምጣ አወራችኝ። የተወለደችበት ከሞዛምቢክ ድንበር አጠገብ ነው። ሐይቅ አለ፣ ከሐይቁ ወዲያ ጫካ፣ ከጫካው ወዲያ የአሸዋ ኮረብታ። ኮረብታውን ስትወጪ ድምፁ ይቀድማል አለች፤ ዓይንሽ በኋላ ይደርሳል። ዓሣ አጥማጅ ካልሆነ ሰው የለም። ውሃው ሞቃት ነው። ዘንባባ አለ፣ እንደኛ ሻወር ግን አልተጋደመም፣ ቆሟል።

ስንት ሰዓት ይወስዳል? ዘጠኝ። ሚኒባስ ታክሲው ካልተበላሸ።

ዘጠኝ መሄጃ፣ ዘጠኝ መመለሻ፣ በዚያ ላይ የሰዓት እላፊ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ይቺን እደምራለሁ፤ ደርሶ መልስ አይሆንም። ከገና በቀር በፈቃዱ ሱቁን ዘግቶ የማያውቅ ሰው ነው ደግሞ።

ዲሴምበር 28፣ ሰኞ

ፕሬዚዳንቱ በቲቪ። የአገሩ ሰው “የቤተሰብ ስብሰባ” ይለዋል፤ አባት ይናገራል፣ ቤተሰብ ያጉረመርማል። በሽታው ብሷል። መጠጥ ተከለከለ። ባሕር ዳሮች ተዘጉ።

ጋ/ሎ፣ ያንቺውም ይዘጋል ማለት ነው? አለኝ። ይዘጋል ጋሼ። “የማያውቁትን እንዴት ይዘጉታል?” የቲቪውን ድምፅ ቀነስኩ።

ገና ዕለት ሊለብሰው በር ላይ የሰቀለውን ሙሉ ልብስ አወረደ። ብሩሽ አስነካው። ሻንጣ ውስጥ አጠፈው፣ መጋረጃ እንደሚያጥፍ አድርጎ፣ ጠርዝ በጠርዝ።

መንግሥት ራሱ ከጉድ አወጣኝ። መጨፈር ነበረብኝ። አልጨፈርኩም።

ጃንዋሪ 7፣ ሐሙስ፣ ገና

ሱቅ ዝግ። ሰፈራችን ሮዘተንቪል ፀጥ ብሏል፤ ለጎረቤቶቻችን ገና ካለፈ ቆይቷል፣ የሥራ ቀናቸው ነው። ዶሮ በልተናል። ጋ/ሎ ግቢው ውስጥ ማንጎ ይልጣል።

ወሰንኩ። መጋረጃውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቀልኩት። አሸዋው፣ ዘንባባው፣ ጥጉ ላይ ጨረቃዋ። ነፋስ ነፈሰው። እፊቱ ቆምኩ፣ ጋሼ ባሕሩ ይሄ ነው አልኩት።

ማንጎውን መላጥ አላቆመም። “አውቃለሁ።”

መቼ? ከመጀመሪያው ቀን። አሥራ አራት ዓመት መጋረጃ የሸጠ ሰው ዕቃውን አያውቀውም እንዴ! ደግሞ ጨረቃ ብለሽ ያሳየሽኝ ጊዜ አለቀልሽ አለ። “እኔን በቀዳዳ ታታልዪኛለሽ ሰላሜ? ቀዳዳ እኔ ነኝ የማውቀው።”

ታዲያ ያ ሁሉ ዝርዝር? ጸሎቱ? እዚህ ላይ ቢላዋውን አስቀመጠ። ባሕር ለማየት ጸልዩልኝ አልኩ እንጂ የሰላሜን ባሕር አላልኩም አለ። መጋረጃውን አውቀዋለሁ፣ ባሕሩን አላውቀውም አለ። ከታመመ ወዲህ ጠዋት ሲነሣ የሚያስበው ነገር አልነበረውም፤ ስልኬን ሳሳየው አንድ ነገር መጣለት። እንዳይሄድበት ዝም አለ።

አለቀስኩ። ማንጎ አጎረሰኝ፣ ከነንፍጤ።

ከዚያ፣ እኔ ስናዘዝ ቀናበት መሰለኝ፣ ወደ ሆሳዕና ደወለ። ለረድኤት ነገራት። አላየሁም፣ አንድም ገና አላየሁም፣ ዋሽቼሻለሁ ልጄ። ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። ጋ/ሎ በዚያች ደቂቃ ያረጀ መሰለ። በመጨረሻ ረድኤት፣ እሺ አባቢ፣ ያለፈውን ተወው አለችው። ዛጎል ገበያም ይገዛል። እግርህን ውሃ ውስጥ ሆኖ ካላሳየኸኝ ግን ዳግመኛ አላምንህም።

ስልኩን ዘጋ። ሳቀ ቀዮ! ከጁላይ ወዲህ የመጀመሪያው። ግድግዳ ስላልነበረ ገመዱን መታው፣ ባሕሩ በሙሉ ተናወጠ።

ስለ ማማ ኖምሳ መንደር ነገርኩት። ዘጠኝ ሰዓት አልኩት። ዘጠኝ ብዬ ስነግረው አምኖኝ እንደሆነ አላውቅም።

ፌብሩዋሪ 1፣ ሰኞ፣ ማታ

የቤተሰብ ስብሰባ። ባሕር ዳሮች ተከፈቱ።

ጋ/ሎ ቲቪውን ሳያጠፋ ለማማ ኖምሳ ደወለ። ነገ ጠዋት ዕቃ ጭና ትሄዳለች፣ ታክሲው ውስጥ መጋረጃው ላይ ሁለት ቦታ አለ። ማደሪያ እሷ ቤት፣ ሻወር አለ (የትኛው እንደሆነ እናውቃለን)። መንገድ ላይ ፖሊስ ቢያስቆመንስ አልኩት። አሮጌውን ፔፐር አሳያለሁ፣ እመልስሃለሁ ካለ እመለሳለሁ፤ ሸራ ሥር ግን አልገባም አለ።

ሱቁ ሦስት ቀን ይዘጋል። በራሱ እጅ በካርቶን ላይ ጻፈ፦ “የለንም።” ምክንያት አልጻፈም።

እህት አድነች በስልክ አላልኳችሁም ወይ! አሉ። ብለዋል።

ሙሉ ልብሱ በሩ ላይ ተመልሷል። ሱሪውን እስከ ጉልበት ለማጠፍ ተስማምቷል፤ ከዚያ በላይ ድርድር የለም። ፎቶ የማነሣው እኔ ነኝ። እንዳልቀልድ አስምሎኛል። በግራ በኩል ያለው ቦታ የሱ ነው፤ እሱንም አስምሎኛል።

እና ቀዮ፣ ያ የሞት ማስታወቂያ ተሰርዟል። ማንም አልሞተም። አርባ ሰው ያስጸለየው፣ ሁለት ወር እንቅልፍ የነሣኝ ጉዳይ ሲጠቀለል ይህን ያህል ነው፤ ሁለት ሰው እግሩን ሊያርስ ነው። ዕንቁላሉን ልቀቅል።