ከመሬት ውስጥ የጠፋው ዳቦዬ

በልጅነቴ ተወልደህብኝ ትምህርቴን ያስጣልከኝ ልጄ እስቴይናር፣

ኮፐንሃገን ላይ ፀሐይ ትውጣልህ፤ ጤናህ ይብዛ፤ ካልሲ ማጠብም ይግለጥልህ። እዚህ ግን ከባድ መርዶ አለ፤ ተቀምጠህ አንብብ። ዳቦዬ ተሰረቀ!

እንደ ልማዴ የጥቁር ዳቦ ሊጤን በቆርቆሮ አድርጌ ሐይቁ ዳር በፍል ውሃ በሚፈላው መሬት፣ በእንፋሎቱ እንዲበስል ቀብሬ አሳደርኩት። በማግስቱ ብቆፍር ጉድጓዱ ባዶ! የጎረቤታችን የሃፍዲስ ቆርቆሮ ግን ከጎኑ እንደተቀበረ አለ። ለካ ተሳስታ የኔን አውጥታለች። ያቺ ሁልጊዜ «ያንቺ ዳቦ እኮ ጭቃ ነው» የምትለኝ ሃፍዲስ!

ልጣላት ሄድኩ። አፏን ሞልታ እየበላች በሩን ከፈተችልኝ።

«ነይ ግቢ አንቺ! ዛሬ ዳቦዬ እንዴት እንደወጣልኝ ቅመሺና ቅኚ!»

ቀመስኩ። ያው አንተ ቅቤው እየቀለጠበት ከእጄ የምትነጥቀኝ ዳቦ ነው።

«ሃፍዲስ ሙች፣ እንዲህ ያለ ዳቦ ጋግረሽ አታውቂም» አልኳት። በደስታ አቀፈችኝ።

በል እንግዲህ፣ ምሳህን አትዝለል፤ ለገናም ናልኝ። የሚመግብህ እጅ አይጥፋ። መርዶ ያልኩህም አንድ ዳቦ ነው፤ እሱንም ተጋግዘን ጨረስነው።

እናትህ ኦድኒ፣ ከአይስላንድ