ስሙ ያልተነገረን ፊልም

ሰኞ፣ ኅዳር 2

እንደ ወትሮው ነው። አንሶላ፣ ፎጣ፣ ደግሞ አንሶላ። የሆቴል ልብስ የምናጥብበት ላውንደሪ ውስጥ ያለው ሙቀት ሰው ይቀቅላል።

ምሳ ሰዓት ላይ ሹፌሩ እሑድ ያየውን ፊልም ሊተርክልን መጣ። የሱ ነገር ሁሌም ያው ነው… መኪና ይገለበጣል፣ ሰውዬው ሸሚዙ ሳይጨማደድ ይወጣል። «ሸሚዙን ማን ተኮሰለት?» አልኩት። ባለካውያዋ ደግሞ ስታለቅስ አምሽታ ዓይኗ አብጦ ነው የመጣችው። ባየችው ፊልም የልጅቷ እናት ሞተችባት አለች። ገና በመጀመሪያው ሳል ነው እኮ የሚታወቀው። ፊልም ውስጥ የሳለ ሰው ተርፎ ያውቃል?

ሕጋችን አልተነካም። ያየ ሰው ይተርካል፣ ሁሉም የተሰማውን ይናገራል፣ የፊልሙ ስም የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስሙን ቀድመው ከሰሙ «እሱማ አሪፍ ነው አሉ» እያሉ የሰው አፍ ይደግማሉ። ዳኛ የሚሉኝም ለዚሁ ነው። ይበሉኝ፣ አልጠላሁም።

አዲሷ ዛሬ አፏን ከፈተች። ከእኔ ጋር አንሶላ የምታጥፈው። ሥራ ያስገባቻት አለቃችን እትዬ ናት፤ የወንድሟ ልጅ ሚስት ነች። «እኔም አንድ ጀምሬያለሁ፤ አልጨረስኩትም እንጂ» አለች። ድምጿ ከማጠቢያው ጩኸት በላይ አይወጣም፣ ተጠግተን ነው የሰማናት። ባልና ሚስት ናቸው። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይመርቀዋል። ማታ ግን የሚስቱን ጫማ ገልብጦ ያያል። በየት መንገድ እንደመጣች ከጭቃው ያውቃል።

ሹፌሩ «ይጎትታል» አለ። እኔ ግን የጫማዋ ነገር ገባኝ። ጸሐፊው አእምሮ ያለው ሰው ነው አልኩ። አዲሷ ቀና ብላ አየችኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

አዲሷ ቀጠለች። ባለካውያዋ ምሳዋን ትታ ነው የምትሰማት። እትዬ እንደ ልማዷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታንጎላጃለች።

ሚስትየዋ አመሸች። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ። ሰውዬው ክንዷን በሩ መሀል አድርጎ በሩን ቀረቀረባት። ከዚያ አለቀሰ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ በማግስቱ ሻሽ ገዛላት። ባለካውያዋ «ቅናት ነው፣ ቢወዳት ነው» አለች። ምኑ ነው የሚወዳት? አናደደችኝ፣ ተናገርኳት።

ሚስትየዋ መታወቂያዋን የሥራ ጫማዋ ውስጥ ከገበሩ ሥር ደብቃለች። ሌላ ከተማ እሱ የማያውቃት የልጅነት ጓደኛ አለቻት። አንድ ቀን ሳትናገር ልትሄድ ነው የምታስበው። እዚህ ላይ እኔ አልቻልኩም። ሌባ ይመስል ተደብቃ? ይሄ ሁሉ መከራ ታይቶ መጨረሻው ሹልክ ማለት ነው? ተመልካቹስ?

«ታዲያ ምን ታድርግ?» አለች አዲሷ።

«ሻንጣዋን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና ፊት ለፊት ትንገረው። ያቺ ትዕይንት ከሌለች ምኑን ፊልም ሆነ?»

«ከዚያስ እሱ ምን ያደርጋል?»

«ይሟሽሻላ። እንዲህ ዓይነቱ ወንድ ደፋር ሴት ሲያይ ውሃ ነው የሚሆነው።»

«እርግጠኛ ኖት?»

እርግጠኛ ነኝ አልኳት። እኔ መቼ ተጠራጥሬ አውቃለሁ? አዲሷ የምሳ ዕቃዋን ዘጋች፣ ከፈተች፣ ደግማ ዘጋች። መጨረሻውን ቅዳሜ ነው የማየው አለች።

ቤት ስገባ ለእማዬ ተረኩላት። እማዬ ቴሌቪዥን ስታይ ከተዋናዮቹ ጋር ነው የምታወራው፤ «አትክፈቺው ልጄ፣ በሩ ላይ ቆሟል» እያለች። «ለመሆኑ ሰው ሄዶ አይቷታል?» አለችኝ። እማዬ፣ ፊልም ነው እኮ። «ቢሆንስ?»

ስሙን ባላውቅም ታሪኩን ጽፌ ፊልሙን በስልኬ ብፈልገው ብፈልገው የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

መጋዘን ውስጥ ተደብቄ ነው የምጽፈው። ጠዋት አንሶላ ስናጥፍ አዲሷ ግራ እጇን ከትከሻዋ በላይ ማንሳት አቃታት። አንሶላ ደግሞ በሁለት እጅ ካልተነሳ መሬት ይጠርጋል። «ምን ሆንሽ?» ብላት «ተኝቼበት ነው» አለች።

ተኝታበት ይሆናል።

… እንጃ። ሻሿ አዲስ ነው።

ማታ

ጽሑፌ ዶሮ የጫረው መስሏል።

ከሥራ ስወጣ በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ኮቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፣ ጫማው ያብረቀርቃል። ገና ሲያየኝ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። የአዲሷ ባል ነኝ አለ። ዳኛ የሚሉኝ እኔ መሆኔን አክስቱ ነግራዋለች። እትዬ መሆኗ ነው። ለካ ስታንጎላጅ ጆሮዋ አይተኛም።

«ባለቤቴ ፊልም ትተርካለች አሉኝ። ገረመኝ። ቤታችን ቴሌቪዥን የለም። ስልኳንም የምይዘው እኔ ነኝ። የት አይታው ይሆን?»

ፈገግ ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። ጫማው፣ ክንዱ፣ ሻሹ… ሁሉም በአንዴ ገባኝ። ፊልም የለም። ስትተርክልን የከረመችው የቤቷን ነው። በእትዬ ፊት ምክር መጠየቂያ ሌላ መላ ስላልነበራት። እኔ ደግሞ ሻንጣሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ እላታለሁ። ቅዳሜን የቀጠረችው ለዚህ ነው።

«በኔ ስልክ ነው» አልኩ። «በእረፍት ሰዓት አብረን ነው ያየነው።» ይሄ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«አክስቴ የባልና ሚስት ነገር ነው ብላኛለች። ምን ይላል?»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ጀመርኩ። ባልና ሚስት አንድ ፀጉር ቤት አላቸው አልኩት። ተጣሉና ቤቱን መሀል ለመሀል በቀለም አሰመሩት። መስተዋቱ እሷ ጋ ቀረ፣ ወንበሩ እሱ ጋ። እሱ ዓይኑን ከአፌ ላይ አይነቅልም። ይሄኔ አዲሷ ከበሩ ብቅ አለች። ሁለታችንን አንድ ላይ ስታይ ፊቷ አመድ ሆነ። ማታ ቤት ሲገቡ ይጠይቃታል። እኔ ያልኩትን ካላለች አለቀላት።

«ያንን በኔ ስልክ ያየነውን ፊልም ለባለቤትሽ እያጫወትኩት ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «ባልና ሚስቱ ፀጉር ቤታቸውን በቀለም ያሰመሩትን።»

የሻሿን ጫፍ አጠበቀች። ከዚያ ሳቅ አለች።

«ደንበኛውስ?» አለች። «ግማሽ ፀጉሩን እሱ ቆርጦለት፣ ግማሹን እሷ ጋ ተሻግሮ የሚቆረጠው?»

ሰውዬው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። መጨረሻውን ጠየቀ፣ ይታረቃሉ አልኩት። «ጥሩ ነው» አለና ክንዷን ያዛት። የሚያማትን ክንድ። ሄዱ።

እራት አልበላሁም። ለእማዬም አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

መጣች። ከማጠፊያው ጠረጴዛ አጠገብ ሳያት እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ እኔ ብዙም የማልለውን።

እትዬ ግን ፎጣ እቆጥራለሁ ብላ አጠገባችን ተገተረች። የአንሶላውን ጫፍ ከጫፍ ስናገናኝ ብቻ ነው ፊት ለፊት የምንቀራረበው። በመጀመሪያው «ትናንት አመነኝ» አለች በትንፋሿ። በሁለተኛው «ነገ እነግረዋለሁ፣ እንዳሉኝ»። በሦስተኛው እኔ አፌን ስከፍት እትዬ ዞረች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት ለኔ ነው የተባለው። የገዛ ቃሌን ከምን ልመልሰው?

ምሳ ሰዓት ደረሰ። የቀረኝ ይሄው ነበር።

«ስለዚያ ፊልም ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» አልኩ። ባለካውያዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሐሳቤን ስቀይር አይታኝ አታውቅም። «ሴትዮዋ ለባሏ ምንም መናገር የለባትም። አንዲት ቃል። ያን ቀን ያልኩት ለተመልካች እንዲያምር ነው እንጂ ለእሷ አስቤ አይደለም። ሰውዬው አይሟሽሽም። ክንድ ላይ በር የሚቀረቅር ሰው ሻንጣ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ እኔ አላውቅም፣ እሷ ናት የምታውቀው። ቅዳሜን መጠበቅም የለባትም።»

እትዬ ዓይኗን ገለጠች። ሚስት ባሏን ጥላ ትኮብልል ነው የምትይው አለችኝ። ፊልም ነው እትዬ አልኩ። ፊልምም ቢሆን ነውር ነው አለች። ድምጿ እንቅልፍ የለበትም።

አዲሷ እጇን እያየች ነው። «የሥራ ቦታዋ በር ላይ እየጠበቃት እንዴት ትወጣለች?» አለች።

የሌሎቹን ፊት አየሁ። እኔ ዳኛዋ። ሹፌሩ ግን ከሳህኑ ቀና ሳይል «እኔ ባዘጋጀው መኪና አስገባበት ነበር» አለ። ባለካውያዋ ሳቀች፣ እሱና መኪና። «ዛሬ ከሰዓት እንደምነዳት ያለች። ንጹሕ አንሶላ የጫነች። እንዳይቆሽሽ ተብሎ ከኋላ ማንም አይከፍታትም። አንሶላውን የምታደርስበት ሆቴል ደግሞ ከመናኸሪያው ማዶ ነው።»

ይሄ ሰው «ይጎትታል» ከማለት ውጭ ቃል የለውም ብዬ ስንቀው የኖርኩት ነው። አፈርኩ።

ጭነት ሲጀመር እኔ የምችለውን ሥራ ያዝኩ፤ ጠብ። የትራስ ልብስ ጎደለ ብዬ ከእትዬ ጋር ቢሮዋ ድረስ ተጨቃጨቅኩ። እሷ ትጮሃለች፣ እኔ እብሳለሁ። የመኪናው ሞተር ሲነሳ ሰማሁት። ከዚያ የግቢው በር ሲከፈት። ከዚያ ሲዘጋ። ድምፄን ግን አልቀነስኩም።

ስመለስ አንሶላዬን ከወዲያ የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም። ማታ በጓሮ በኩል ወጣሁ። እሱ በዋናው በር ቆሞ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ምንም ወሬ የለም። ልቤ አላረፈም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ሹፌሩ አውቶቡሱ ውስጥ ስትገባ አይቷታል። ከዚያ ወዲያ አያውቅም። ደረሰች? አውርደዋት ቢሆንስ? አግኝቷት ቢሆንስ?

ሰውዬው ዛሬ እትዬን ይዞ ላውንደሪው ውስጥ ገባ። «ባለቤቴ ጠፋችብኝ» አለን፣ አንገቱን ደፍቶ። ባለካውያዋ አዘነችለት። እትዬ በሰው መሀል ምን ታውቂያለሽ አለችኝ። ስለ ትራስ ልብሱ ነው የማውቀው አልኳት። ከሰዓት ወደ ማጠቢያው ክፍል አዛወረችኝ። ቀኑን ሙሉ የጎማ ቦቲ ጫማ አድርጎ ውሃ ላይ መቆም ነው። ሆድ ይፍጀው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

በጓሮ መውጣት ሰለቸኝ። ምን ሰርቄ? ዛሬ በዋናው በር እወጣለሁ፣ ዓይን ለዓይን አየዋለሁ፣ የምለውን እለዋለሁ ብዬ ወጣሁ። የምለውን ስሠራ ነው የዋልኩት፤ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ተዘጋጅቷል።

ቆሞ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።

«መጨረሻ ላይ ይታረቃሉ ነበር ያሉኝ» አለ። «አይደል?»

ግድግዳውን ያዝኩ። ካሰብኩት አንዷም ቃል አልወጣችም። ሰው በሚያልፍበት መንገድ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እኔ ምላሴ የማያርፈው… «አዎ» ብቻ አልኩና ሄድኩ። መሄድ ከተባለ።

በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ ብቻዋን፣ በአንድ እጇ፣ ይሄንን ነበር አድርጊ ያልኳት።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ምሳ ላይ ባለካውያዋ አዲስ ፊልም ተረከች። ዳኛ ምን ትያለሽ አሉኝ። አላየሁትም አልኩ። ሳላየው ስፈርድ እኮ ነው የኖርኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር። አላነሳም ብዬ ነበር፣ እማዬ «አንሺው እንጂ» አለችኝ።

አዲሷ ናት። ቁጥሬን ሹፌሩ ነው የሰጣት። መጀመሪያ አላወቅኳትም፤ ድምጿ ሙሉ ነው። የጓደኛዋ ልጆች ከኋላ ይንጫጫሉ። ደርሻለሁ አለች። ክንዷን ሐኪም አይቶላታል፣ ሥራም ይገኛል ብለዋታል። ተቀመጥኩ። እማዬ ፊቴን አይታ እሷም ተቀመጠች።

ከዚያ «ትናንት ፊልም አየሁ» አለችኝ። «እውነተኛ ፊልም። መሬት ላይ ተቀምጬ፣ እስከ መጨረሻው።»

«እንዴት ነው?»

«አልወደድኩትም።»

ቆጣ ብላ ነው። ልጅቱ መጨረሻ ላይ በዝናብ እየሮጠች ወደ ሰውዬው ትመለሳለች አለች። ማን መልሷት? ማን ለመናት? ሙዚቃው ሲያለቅስ እኔ አላለቅስም ብዬ እንቢ አልኩ አለች። ጓደኛዬ ግን አለቀሰች፣ ተጨቃጨቅን አለች፣ ሳቀች። ዝናቡም የውሸት ነው፣ ከጀርባዋ ፀሐይ ይታያል አለች።

ፊልሙን አውቀዋለሁ። የሚገርመኝ፣ እወደዋለሁ። ስለዚያ ዝናብ የምለው ብዙ ነገር ነበረኝ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እማዬ በምልክት ማን ናት ትለኛለች።

ካርዷ እስኪያልቅ አወራች። እኔ አዳመጥኩ።