ሦስት ጊዜ እንቢ

ላሊበላ
ጥቅምት ፲፭ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ወንድም ዓለም ፈንታው፣

ደሴ ለሥልጠና በሄድክ ጊዜ እጽፍልህ እንደነበረው ዛሬም እየጻፍኩልህ ነው። ያኔ «የቡድኑን ወሬ ሳትደብቅ ጻፍልኝ፤ ክፉውንም ቢሆን» ብለኸኝ ነበር። አሁንም አልደብቅህም።

አጎታችን ተክለ ሚካኤል ትናንት ወደ ኩልመስክ ተመለሰ። ተስቦው ለቀቀው ባልንበት ሳምንት ገርሽቶ ከወሰደህ ጀምሮ፣ አርባህ ከወጣም በኋላ እስከ ትናንት ከእኔ ጋር ነበር። ይዞኝ ሊሄድ ፈልጎ ነበር፤ አሥረኛ ክፍልን ልጨርስ ብዬ ለመንኩት። «ብቻህን ትችላለህ?» ሲለኝ እችላለሁ አልኩት። አንተ ብትሆን ድምፄን ሰምተህ መዋሸቴን ታውቅ ነበር።

ዋናው ወሬ ግን የኪነት ቡድኑ ነው። ከአውራጃው ጓድ ሙሉሃብት መጥቶ፣ መሪ የሌለው ኦርኬስትራ ኦርኬስትራ አይባልም አላቸው። ጥቅምት ሳያልቅ መሪ ካልተገኘ ክራሩም ማሲንቆውም ከበሮውም ተጠቅልሎ ደሴ ይገባል፤ ሰዎቹም ወደየቤታቸው። ሸዕባን ዋሽንቱ የራሱ ስለሆነ ብቻ «እኔንስ አይጠቀልሉኝም» እያለ ሊያስቃቸው ሞከረ። ማንም አልሳቀለትም።

ለቅሶው ላይ ከአንተ በፊት የነበሩትን መሪዎች ሲያነሱ ነበር። እኔ ሕፃን ሆኜ ያላየሁትን ሁሉ ሰማሁ። የመቶ አለቃ አረጋ ከጦሩ ባንድ በጡረታ መጥተው ቡድኑን ሲያቋቁሙ ቀጭን ዱላ ነበረቻቸው አሉ። መጀመሪያ ቀን ዱላዋን ወደ ጋሽ ገብረ ሊባኖስ ሲቀስሩ ከበሮ ይመታሉ ብለው ጠብቀው ነበር። ጋሽ ገብረ ሊባኖስ ደግሞ ከበሮ የተማሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ምራ የተባለ ሰው ወዲያው አይጀምርም፤ ለታላቁ ይመልሳል፣ ታላቁም ይመልስለታል፣ ሦስት ጊዜ እንቢ ካለ በኋላ ነው ድምፁን የሚያወጣው። ተነሥተው እጅ ነሡና «ኧረ ለእኔ አይገባም፣ ለባለማሲንቆው ይስጡልኝ» አሉ። ባለማሲንቆውም ለሸዕባን መለሰ። ሸዕባንም እስላም ቢሆን ይሉኝታው ያው ነውና «ታላቅ እያለ!» ብሎ ተነሣ። የመቶ አለቃው ዱላቸውን አስቀመጡና «ይህ ኦርኬስትራ ነው ወይስ የሠርግ ቤት?» አሉ።

በስተርጅና ጆሯቸው ከዳቸው። አንድ ቀን ዘፈኑ አልቆ ሕዝቡ እያጨበጨበ እሳቸው ገና ዱላውን ያወዛውዙ ነበር። ሸጌ ክራሯን አስቀምጣ ሄዳ ክንዳቸውን ያዘችላቸው። በማግስቱ ክላርኔታቸውን ይዘው አገራቸው ገቡ። ከዚያ መምህር ታፈረ መጡ፤ እሳቸው አንድ ሁለት እያሉ ጮክ ብለው ነበር የሚመሩት፤ ሕዝቡም አብሯቸው ይቆጥር ነበር። ወደ ሙጃ ተዛወሩ።

ከዚያ አንተ። አንተ ዱላም አልያዝክ፣ አልቆጠርክም። ትንፋሽህን ስትስብ ትከሻህ ከፍ ይላል፤ ሁሉም አብረውህ ይስቡና ይጀምራሉ። ደሴ፣ የክፍለ ሀገሩን ቡድን ያዝ ብለውህ ሳለ ለምን ተመለስክ ብዬ ስጠይቅህ «እዚህ የሚጠብቀኝ ሰው አለ» አልከኝ። በዚያ ቃል ስንት ጊዜ እንደኮራሁ አታውቅም።

አርባህ በወጣ ማግስት ጋሽ ገብረ ሊባኖስ፣ ሸዕባንና ሸጌ ቤታችን መጡ። ልምምድ ላይ ከጎንህ እየተቀመጥኩ ሁሉንም እንደማውቅ፣ ደሙም ያንተ እንደሆነ ነገሩኝ። ጋሽ ገብረ ሊባኖስ «እንግዲህ ምራን» አሉኝ። አይሆንም፣ ተማሪ ነኝ አልኳቸው። ተያይተው ፈገግ አሉ። እንደገና ጠየቁኝ፤ አልችልም አልኩ። ሸዕባን በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ለሦስተኛ ጊዜ እባካችሁ ተዉኝ ስላቸው ጋሽ ገብረ ሊባኖስ ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝና «ፈንታው ያሳደገው ልጅ መሆንህ ያስታውቃል» ብለው ወጡ። ሸጌ ብቻ ከበሩ ላይ ዞራ አየችኝ።

ለሁለት ቀን የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቢሮ አስጠሩኝ። የአውራጃው የኪነት መሪ ሆነሃልና ከሰኞ ጀምሮ ስምህን ከክፍል ልሰርዝ ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ።

እየሮጥኩ አዳራሹ ገባሁ። እንቢ ብያችሁ አልነበረም ወይ አልኳቸው።

«ብለሃል እንጂ፤ ሦስቴ» አሉ ጋሽ ገብረ ሊባኖስ። «ስንት ጊዜ ልትል ኖሯል?»

«የእውነቴን እኮ ነው!»

«ጨዋ ልጅ ሁሉ የእውነቱን ነው የሚለው።»

ገፋፍተው አንተ በምትቆምበት አቆሙኝ። አንተ ደሴ ለውድድር ይዘኸው ልትሄድ የነበረውን ዜማ ተዘጋጅተው ይጠብቁኝ ነበር። ትንፋሼን ሳብኩ፤ ጀመሩ። ለትንሽ ጊዜ ትከሻዬ ያንተ የሆነ መሰለኝ። ዜማው ቀስ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ግን አንተ ትዝ ብለኸኝ መምራቴን ትቼ አቀረቀርኩ። ይቆማሉ ብዬ ነበር፤ አልቆሙም። ቀና ብዬ ሳይ አንድም ሰው እኔን አያይም። ሁሉም ዓይኑ ሸጌ ላይ ነው። አገጯን ትንሽ ከፍ ስታደርግ ሸዕባን ገባ፤ ዝቅ ስታደርግ ከበሮው ረገበ። ከፊታቸው ዘወር ብዬ ግድግዳው ጋ ቆምኩ። መሄዴን ማንም አላየም።

ሲጨርሱ መሪ አላችሁ አልኳቸውና ወደ እሷ አመለከትኩ።

«እኔ አልችልም» አለች ሸጌ።

«አንደኛው እንቢ» አለ ሸዕባን።

«ተዉኝ ብያለሁ፤ እሱ በቆመበት አልቆምም።»

ሸዕባን ሁለተኛው ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። የእሷን እንቢታ ማንም ይሉኝታ አላለውም፤ እኔም የማውቀው እንቢታ ነበር።

«እታለም፣ እዚያ አትቁሚ» አልኳት። «ተቀምጠሽ ምሪ።»

ጋሽ ገብረ ሊባኖስ ተቀምጦ የሚመራ የት ታይቷል ብለው ሊቆጡ ሲሉ ሸዕባን «እስካሁን ስትመራን ቆማ ነበር እንዴ?» አላቸው። እሷ የክራሯን ክር ትወጥር ጀመር። ከዚያ አገጯን ከፍ አደረገች፤ ሁሉም መሣሪያቸውን አነሡ።

ጓድ ሙሉሃብት መጀመሪያ «ሴት?» ብሎ ነበር። ኋላ በየስብሰባው ስለ ሴቶች የሚናገረው ትዝ አለው መሰል ስሟን ጻፈ። ለደሴው ውድድር እየተዘጋጁ ነው። የቆምክበት ቦታ ባዶ ነው፤ ማንም አይረግጠውም። የእኔም ስም ከክፍል አልተሰረዘም።

ሸጌ ጥቁሯን አላወለቀችም። አጎታችን አርባው ላይ አይቷት «ይህች ምናችሁ ናት፤ ከእኛ ይልቅ የጠቆረችው?» ብሎ ጠየቀኝ። የቡድኑ ናት አልኩት። ሌላ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። «እዚህ የሚጠብቀኝ ሰው አለ» ያልከው እኔን ብቻ እንዳልነበር አሁን ገብቶኛል።

የቅዱስ ላሊበላ አምላክ ያለህበትን ብርሃን ያድርግልህ፤ ከእናትና ከአባታችን ጋር ያገናኝህ። እኔንም ያበርታኝ፤ ብርታት ያስፈልገኛል።

ዛሬ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። አልጋህ እንደተነጠፈ ቢሆንም እንደገና አነጠፍኩት። ሱሪዬ አጥሮብኝ ስለነበር ጠርዙን ፈትቼ አስረዘምኩት፤ ስፌቱ ጠማማ ነው። ትናንት የተረፈውን ቆሎ ቆሜ በላሁ። በሩን ቆልፌ፣ ሁልጊዜ እንደምናደርገው ቁልፉን ከድንጋዩ ሥር ላስቀምጥ ጎንበስ ካልኩ በኋላ ለማን እንደማስቀምጥ ጠፋኝ። ይዤው ሄድኩ።

ወደ ትምህርት ቤት ሳልፍ ሸጌ አዳራሹን ልትከፍት መጥታ እዚያ በር ላይ አገኘኋት። የቤታችንን ቁልፍ ሰጠኋት።

«እስከ ማታ ቤቱ ባዶ ነው» አልኳት።

ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል እሷን እዚያው ትቼ ሮጥኩ።

ወንድምህ
ደርበው