ልጄ መጽሐፍ እንዳትነካ ስለተደረገልን ጥንቃቄ የቀረበ ምስጋና

ለዋርካ ሥር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የምርቃት ዕለት ፎቶግራፍዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ዝናብ ጣሪያዎን፣ ምስጥ መደርደሪያዎን፣ አንባቢም ዕረፍትዎን እንዳይነካብዎ ምኞቴ ነው።

ሀጂራ አባቢያ እባላለሁ፤ ሚዛን ገበያ ዳር ክርና የልብስ ቁልፍ እሸጣለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው የጎረቤቴ ልጅ፣ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ህሊና ናት። «ክቡር» የሚለውን ቃል የጨመረችው እሷ ስትሆን፣ እኔ በቦታው ያልኩትን ግን ወረቀት አይችለውም ብላ ትታዋለች።

ልጄ ላምያ አምስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ማንበብ ከጀመረች ወዲህ በሱቄ ፊት የሚያልፍ የቡና ጆንያም ሆነ የባጃጅ ጀርባ አያመልጣትም፤ የሳሙና መጠቅለያ ሳታነብ እጇን አትታጠብም። መምህሯ «መጽሐፍ ብቻ ያለበት ቤት አለ» ካለቻት ጀምሮ ሁለት ሳምንት ስትነዘንዘኝ ቆይታ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ፣ እሷም የዒድ ቀሚሷን ለብሳ፣ መጽሐፍ የሚነካው በንጹሕ እጅ ነው ስለተባለች እጇን ሁለት ጊዜ ታጥባ፣ ጭቃ እንዳይነካት አዝያት መጣን። ስለተደረገልን አቀባበል ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ስለ በሩ። ጥበቃው ጋሽ ታምሩ በትሕትና አስቁሞን፣ ከበሩ በላይ ወደተለጠፈው ወረቀት እየጠቆመ «ልጅ አይገባም፤ ይኸው ተጽፏል» አለን። ተጽፏል ከተባለ የእኔ ብጤ ምን ይላል? ልመለስ ፊቴን ሳዞር ላምያ ከጀርባዬ ሆና ጀመረችው፦ «ሕ-ፃ-ና-ት... ከ-ወ-ላ-ጅ... ጋ-ር... መ-ግ-ባ-ት... ይ-ች-ላ-ሉ።»

ጋሽ ታምሩ «እስቲ ድገሚው» አላት። ደገመችው። ቆቡን አውልቆ «እኔ እንኳ አላነብም፤ አይገባም ይላል ብለው የነገሩኝ ኃላፊው ናቸው» አለና፣ ዓመት ሙሉ የመለሳቸውን ልጆች እያሰበ ነው መሰል ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ በሩን በሁለት እጁ ከፈተልን። ማስታወቂያዎን የሚያነብ ሰው በበሩ አጠገብ እንዳይቆም ስላደረጉት ጥንቃቄ አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው።

፪. ስለ ቁምሳጥኑ። የሕፃናቱ መጻሕፍት በመስታወት ቁምሳጥን ውስጥ፣ አንድም ጣት ሳያርፍባቸው፣ ከምርቃቱ ቀን ጀምሮ እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል። እርስዎም ከቢሮዎ ድረስ ወጥተው «ቁልፉ ወደ ማሻ በተዛወረው ሠራተኛ እጅ ነው፤ ደግሞም ልጆች ሲነኳቸው ይበላሻሉ» ሲሉ አስረዱን። የሕፃናትን መጽሐፍ ከሕፃናት ማትረፍ የቻለ ሰው ከእርስዎ በፊት አልገጠመኝም።

፫. ስለ ጸጥታው። ላምያ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ የአንዱን ሽፋን «የ-ጉ-ሬ-ዛ-ዋ ጃ-ን-ጥ-ላ» እያለች አነበበች። በልብ ማንበብን ገና አልተማረችም። እርስዎ «ጸጥታ!» ብለው ሲጮኹ፣ ለፈተና ያጠኑ ከነበሩት ተማሪዎች መካከል የነበረችው ህሊና እስክሪብቶዋ ከእጇ እንደወደቀ ትመሰክራለች። እኛም ተባረን ወጣን።

መንገድ ላይ ልጄ «እማ፣ መጽሐፎቹ ምን አጥፍተው ታሰሩ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ ጆንያ በፊቷ ሲያልፍ ቀና ብላ አላየችም። እዚህ ላይ ህሊናን «ይህን ሳታሳምሪ ጻፊው» ብያታለሁ፦ ፈራሁ። እኔንም በልጅነቴ አንድ ሰው ከትምህርት ቤት በር መልሶኛል፤ ሁለተኛ አልሄድኩም።

፬. ስለ ቁልፉ። ሐሙስ ዕለት ጋሽ ታምሩ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሱቄ ድረስ መጣ። የቁምሳጥኑን መስታወት ሲወለውል በሩ ሸርተት ብሎ ተከፍቶለታል። ለካስ አልተቆለፈም! ዓመት ሙሉ እርስዎንም ጨምሮ የሞከረው ሰው የለም። ቁልፉን በማሻ በኩል ሲጠባበቁ ለኖሩበት ትዕግሥት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

በማግስቱ ቅዳሜ እንዳልል አንድ ቀን ይቀራል፤ ያን አንድ ቀን ላምያ እንዴት እንዳሳለፈችው እኔና አላህ እናውቃለን። ቅዳሜ እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ ገባን። ስምንት ገጽ ለማንበብ አንድ ሰዓት ፈጀባት። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ጆሯቸውን ይዘው ነበር፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደብተራቸውን ዘጉ። ጉሬዛዋ ጃንጥላዋን ነፋስ ነጥቋት፣ በእንሰት ቅጠል ተጠልላ ቤቷ ስትገባ «እሰይ!» ብሎ አዳራሹን ያናጋው ጥበቃዎ ነው። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የልጄን ጣት ከፊደል ፊደል ሲሄድ አየሁ። ያለቀስኩት በጉሬዛዋ አይደለም።

፭. ስለ ማስጠንቀቂያው። ሰኞ ጋሽ ታምሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሰው። የሚያነብለት ሰው ሲፈልግ ማን ዘንድ እንደመጣ መገመት አያቅትዎትም። ላምያ ባንኮኒዬ ላይ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችለት፤ ጥፋቱም «የሕፃናት መጽሐፍ በሕፃን እንዲነበብ ማድረግ» ሆኖ ተገኘ። ዓመት ሙሉ በዚያ በር ላይ ዝናብ የመታውና አራት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። እሱ አንድ መሳቢያ ሳይሰብር፣ አንድ ሳንቲም ሳይወስድ፣ የተዘጋ መስሎ የኖረ በር ከፈተ። ቅጣት ካስፈለገ ልጅቷን አዝዬ ያመጣሁት እኔ ነኝና ሱቄ የሚገኝበት ቦታ ከላይ ተጽፏል። ለእሱ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ግን እንዲነሳ፣ ያለ ምንም ስላቅ፣ እለምንዎታለሁ።

የቤትዎ መብራት ሳይጠፋ፣ የወንበርዎ እግር ሳይነቃነቅ፣ መጻሕፍትዎም እየተነካኩ እንዲያረጁ እየተመኘሁ፣ ከእጅዎ በታች ነኝ የምትለው፣ ከፊርማ ይልቅ ጣቷን የምታስቀድመው፣

ሀጂራ አባቢያ (የጣት አሻራ)

ማስታወሻ፦ ህሊና ማስጠንቀቂያውን ደግማ ስትመረምረው፣ «ድርጊቱ ከተደገመ የሚሰናበቱ መሆኑን» ለማለት ታስቦ፣ ጸሐፊዎ ሁለት ፊደል ስታ «የሚሰነብቱ መሆኑን» ብላ እንደጻፈች አስተውላለች። ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለበት። ጋሽ ታምሩም በሥራው ላይ ለመሰንበት ሲል ድርጊቱን በየቅዳሜው ለመድገም ተስማምቷል።